ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቧንቧ ሲመረቅ

«ዘጋቢ ፊልም ሥራ» ብሎኝ መሥሪያ ቤቴ፣
ቧንቧ ውሃ ወጣሁ፣ ካሜራ ባንገቴ።
ኃላፊው አበጋዝ ሃይላንድ ጨልጠው፣
ስለ ውሃ አወሩ ወደ ጦሳ አንጋጠው።

የኔን ሌንስ ግን ማረከችው ጦይባ፣
በትሪ መቀሱን ይዛ ስትገባ፤
«በጀቱ…» ሲሉ እሳቸው፣ እኔ ጉንጯን አጎላሁ፣
ዕቅዱ ሲተነተን ከሻሿ ጋር ዋልሁ።

ሪባኑ ተቆርጦ ቧንቧው ተከፈተ፤
ሁለቴ አስነጥሶ ጸጥ አለ፣ ሞተ።
ጭብጨባው ግን ደራ።
ውሃ ያየሁት ከጦይባ ዓይን ነው፣
ሳቋ እንባ ሲያወርድ ተራ በተራ።

ፊልሙ ሲታይ፣ አርባ ደቂቃ፣ ድምፁ የሳቸው፣
ምስሉ የሷ። «እኔስ የታለሁ?» ጠቆረ ፊታቸው።
«ከሳቋ ውስጥ ነዎት፣ ጌታዬ።»
                    ተባረርሁ።
ማታ ጦይባ ደወለች፤ በሩጫ አነሳሁ።
«ሥራ ፈታህ አሉ። አይዞህ፣ አትቆጣ፤
እኔን ቅረጽ» አለች፣ «ውሃው እስኪመጣ።»