ቀይዋ ጡብ

ፀሐይ ከትሮምሶ ከጠፋች ወር ሆናት፣
በጨዋታው ዓለም ወለል ዘረጋንላት፤
እግር ሲነካው የሚበራ፣
ጡብ ከጡብ፣ ተራ በተራ።

ሲግኔ ሰማያዊ ከባሕሩ ቀዳች፣
ቱሪድ ብርቱካኑን ዳር ለዳር አሰጣች፤
አረንጓዴው መስክ ለኦድቫር ደረሰው፣
ቀይን ካረንጓዴ ዓይኑ ለማይለየው።

ሲያነጥፍ አድሮ፣ ጠዋት ገብተን ስናይ
(ጠዋት በሰዓት ነው፤ ጥቁር ነው ሰማይ)
በለምለሙ መሐል አንዲት ጡብ ቀልታለች፣
ከአፍ እንዳመለጠ ቃል ብቻዋን ቆማለች።

«ላርማት?» አለች ቱሪድ፣ መዶሻ አንስታ።
ሲግኔ ዘላ ወጣችባት፤ ላንድ አፍታ
ሁላችንም ዝም።
ከዚያ ደወል አሰርንላት።

አሁን የመጣ ሁሉ እሷን ይረግጣል፣
ስትጮህ ይስቃል።
ኦድቫር ዛሬም አያያትም፤
በጆሮው ግን አይስታትም።