ሳይመክን የመከነ

ከጭልጋ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወይራ ምንጭ ከምትባል፣
የጋሽ ጥጋቡ ማሳ በቀይ ድንጋይ ይከበባል።
በየትኛው ጦርነት፣ በማን እጅ እንደተቀበረ
የሚያውቅ ሰው ከነበረም፣ እሱም አብሮ ተቀበረ።

ስሜ ትርፌ፤ የአዘዞ ልጅ፤ ሥራዬን ካላችሁ፣ አምካኝ።
እናቴ ቃሉ ይቀፋታል፤ "ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?" አለችኝ።
"አምካኝ የሚል መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ
ማን ያገባታል?" ትላለች፣ ከጎረቤት ተከልላ።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጤዛው ሳይረግፍ ከሣሩ፣
በሆዴ እተኛለሁ፤ በጆሮዬ ያወራኛል አፈሩ።
አንድ ስንዝር ወደፊት። መርፌ። ብሩሽ። ትንፋሽ። እጅ።
ከገመዱ ማዶ ጥጋቡ፣ እንደ አስታማሚ በደጅ።
ስሙ ጥጋቡ ነው እንጂ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ የበላው የብድር እህል ነው።

መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ፤
ሲቆፈር የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የበቅሎ ብረት፣ የሚስማር ቁራጭ።
አንድ ቀን ደግሞ ዝጎ ያለቀ ማረሻ።
"የአባቴ ነው!" ብሎ ዘለለ፤ ገመዱን ሊያልፍ አንድ እግሩን ሲያነሣ
ጮኼ መለስኩት።
ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፣ እንደ ሰካራም፣ ያለ መጨረሻ።

በሁለት ዓመት አሥራ አንድ እውነተኛ አወጣን።
ለአሥራ አንዱም ጉድጓድ ስም አለኝ። አልነግራችሁም።

በየካቲት ለጋሾች መጡ፤ ጎንደር፣ ተራራው ላይ ካለው ሆቴል።
ዩኒፎርሜን አስተኩሼ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ይበራል፤
ማሳችን እዚያ ላይ ከጥፍሬ ታንሳለች።
አንድ እንግዳ፣ ትሑት ሰው፣ ድምፁ ለስላሳ፣
ብዕሩን ነክሶ ቆይቶ እጁን አነሣ፦
"አንድ ካሬ ሜትር ስንት ይፈጃል?"

አስተርጓሚው የተረጎመው ስለ ብር ነበር።
እኔ ግን ሰው መቁጠር ጀመርኩ፦
የጥጋቡ በኩር፣ ይታየው፣ አንዲት ነገር ሳትታየው የቀረ፤
ስሟን ያልነገሩኝ ውኃ ቀጂ፤
ሁለት በሬ፤ በሬ ሰው ባይሆንም።

እንግዳውን አልወቅሰውም።
ብሩም የእሱ አይደለም፤ በማላውቃት ከተማ
የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ደመወዝ ሲቆረጥ፣
ምናልባት ሳንቲሟ ተንከባልላ
የእኔን ጓንት ገዝታለች።

ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ሦስት መስመር፣ አንድ ማኅተም።
ሌላ አገር ሌላ እሳት ተነሥቷል፤
ብር ትኩስ ይወዳል እንጂ የበረደ አይጥመውም።
ፈንጂው ሳይመክን በጀቱ መከነ።
ድንኳኑ ተጠቀለለ፤ ግማሹ ማሳ እንዳለ ሆነ።

ለጠራው ወገን ነጭ ድንጋይ፣ ላልጠራው ቀይ ቀብቼ፣
የግማሹን ወረቀት ሰጠሁት፣ ፈርሜ፣ አስፈርሜ፣ እጅ ነሥቼ።
አገላብጦ አየው። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን ግን ዳሰሰ።
"የቀረውንስ ማነው የሚፈርምልኝ?"
ካፊያ ጀምሮ ነበር። ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና
መልሱን ሳይጠብቅ ተመለሰ።

አሁን አዘዞ ነኝ፤ ሥራ የለኝም።
አስፋልት ላይ እንኳ ስሄድ የምረግጠውን እመርጣለሁ።
እናቴ ታየኛለች፤ ምንም አትለኝም።

ጥቅምት ላይ ስልክ ደወለ።
እስከ ድንጋዩ አርሷል፤ ሽምብራው በቅሏል፤ ተመስገን ነው።
ባለቤቱ ላቀች ግን ዳር ዳሩን ዱባ ተክላ፣
ሐረጉ ነጩን አልፎ፣ ቀዩን አልፎ፣
እዚያ ማዶ ፍሬ ጥሏል፣ አንድ ብቻ።

"የሕፃን ራስ ታህል ነበረች፤ ዛሬ እንስራ አክላለች፤
በየሌሊቱ ትከብዳለች።
ልጆቹን ከቤት አላስወጣም።
አንቺ ታውቂያለሽ፣ ትርፌ፤
የታችኛው ስንት ኪሎ ይችላል?"

እንጃ፣ አልኩት።

አውቃለሁ።