ምክንያቱ ያልታወቀ

«ሁሉም ደህና» ይላል ሦስተኛው ወረቀት፣
የእኔም፣ የዳንጊሶም፣ የደሙም ልኬት።
ደህና ከሆነማ ምነው ዘገየሳ?

የፒያሳው ሐኪም ዓይኑን ሳያነሳ
«በሦስት ወር ታረግዣለሽ» ብሎ ፈረመ።
ሦስቱ ወር አለፈ፣ ክረምቱም ከረመ።

የመናኸሪያው ደግሞ፣ ግድግዳው በሙሉ
የሕፃናት ፎቶ፤ የሰው ልጆች ሁሉ
ቁልቁል እያዩኝ ዋጋውን ነገረኝ፤
ባጃጃችን ቢሸጥ ግማሹን አይሞላልኝ።

ዛሬ፣ ሐዋሳ፣ ታቦር ሥር፣ ከጠባቧ ክፍል
ዶክተር ወሰንየለሽ ገለጠች ያን ፋይል፤
አነበበች። ደገመች። መነጽሯን አወለቀች።
«ምክንያቱን አላውቀውም፤ አብረን እንፈልግ» አለች።

ዳንጊሶ ኮቱን አነሳ፣ እንውጣ ሊለኝ።
እኔ አልተነሳሁም።
ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉ ሲያውቅልኝ፣
አማቴ፣ ጎረቤት፣ የባጃጅ ተሳፋሪ ሳይቀር፣
«አላውቅም» የሚል ሰው ገና ማግኘቴ ነበር።

«ማክሰኞ» አልኳት። «በጠዋት።»