የገጠመ ሁሉ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
እንግዳው በፌስታል፣ በሻንጣ የሚገባ፣
ሊፍት የሌለው ሆቴል፤
እኔም እዚያ ነኝ፦ ቁልፍ አቀባይ፣ መዝጋቢ፣
ስም ጠያቂ፣ መታወቂያ ሰብሳቢ።

ከመዝገቡ በታች አንዲት መሳቢያ አለች፣
ተረስተው በቀሩ ቻርጀሮች የታጨቀች፤
ክብ እግር፣ ጠፍጣፋ እግር፣ ሦስት እግር ያላቸው፤
በነጭ ፕላስተር የክፍሉን ቁጥር ለጥፌባቸው።
ሁለት መቶ ሰባት፦ እግሩ እንደ ጥፍር የሰፋ፣
ባለቤቱ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ የጠፋ።
መቶ አራት፦ ጥቁር፣ ገመዱ የተላጠ፣
«እመለሳለሁ» ብሎ በዚያው ያመለጠ።

የኛ ግድግዳ ቀዳዳው ሁለት ነው፣ ክብ ነው፣
መጤውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው፣
እንደ ዘበኛችን እንደ ጋሽ ሽታሁን።
ሦስተኛ ፎቅ ብቻ፣ ባለቤቱ ከጅዳ ያመጣው፣
ባለ ሦስት ዓይን፤
ከላይኛው ዓይን የእስክሪብቶ ክዳን ካልገባ
የታችኞቹ አይገለጡም።
ይህን ብልሃት ያስተማረኝ የለም፤
እንግዳ ሲቆጣ ነው የተማርሁት።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መጣ አንድ መሐንዲስ፣ ከጃፓን፣ ትሁት፣ ቁጥብ፤
ድልድይ መርማሪ ነው፤ ብረት ስንት ቶን ይችላል፣
ስንት መኪና ቢያልፍበት ይዝላል፣
አንኳኩቶ የሚያውቅ።
የጢም መላጫውን ቻርጀር ይዞ ወረደ፣
በሁለት ጣቱ ግድግዳዬን ጠቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰገደ።
ከመሳቢያዬ አስማሚ አወጣሁለት።
ገጠመ። ልክክ አለ።
ደስ አለኝ፤ ደስ አለው።

ጧ!
ሆቴሉ በሙሉ ጨለመ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።
የዓባይን ድልድይ ሸክም የሚያሰላው ሰው
ግድግዳውን «ስንት ነህ?» ሳይለው፣
እኔም ሳልጠይቀው።
በማግስቱ ጢሙን እንዳጎፈረ ወደ ሥራው ሄደ።

ልየው ዘንድ ወሰድሁት፣ ጠጋኙ ዘንድ፣ ከገበያው ጥግ።
አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣
የጉንዳን እግር የምታህል ጽሑፍ ላይ ተደፍቶ፣
«ይኸውልሽ» አለኝ፣
«‹ከመቶ እስከ ሁለት መቶ አርባ› ካለ
የሰጡትን በልቶ የሚያድር እንግዳ ነው፤
እግሩን ብቻ ቀይሪለት።
‹መቶ› ብሎ ካቆመ ግን ተጠንቀቂ፤
የኛ መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው፤
ሲመጣ ማለቴ ነው፤ ማታ ማታስ መቶ ስድሳም አይሞላ።
መቀነሻ ሳታስቀድሚ፣ ቢገጥምም አታገናኚ።
የገጠመ ሁሉ አልተስማማም፣ እቴ።»

እሱ ስለ ሽቦ ነው ያወራ።
እኔ ግን ሂሳቡን ከፍዬም በራፉ ላይ ቆየሁ።

በአሥራ ሰባቴ ነበር ለቢቸና የተዳርሁ።
ዘር ተቆጠረ እስከ ሰባት ቤት፣ ከብት ተቆጠረ፣
«ገጠሙ» አሉ ሽማግሎች፤ ግጥም ያለ ሠርግ ነበረ።
ከጀርባዬ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበበ የለም፤
እኔስ ብሆን ጀርባዬን በምን ዓይኔ ላየው?
ሰውየው ክፉ አልነበረም።
ግድግዳም ክፉ አይደለም፤ ያለውን ነው የሚሰጥ።
ሁለት ክረምት ቆየሁ።
ጧ ያለ ነገር የለም፤ ጎረቤት የሰማ የለም፤
ሽታው ግን ያው ነበር፤
ለዚህ ነው በዚያ ማታ፣ በጨለማው፣
ከሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት።

ከልየው ስመለስ ወረቀት ለጠፍሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ»።
ትናንት አንድ የደምበጫ በቆሎ ነጋዴ
መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ ቆሞ አነበበ፣
ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሁለት ጊዜ።
ዞሮ ጋሽ ሽታሁንን አየ፤ እኔን አየ።
«የማንን ጀርባ ነው፣ ልጄ?»

«የቻርጀሩን» አልሁት።
ቁልፍ ሰጠሁት፤ መቶ አራት።