ስሙ ሀብ ነው

ሀብ ይሉታል ስሙን፤ በግዕዙ «ስጥ» ነው፣
ስም ያወጣው ሰውዬ ግዕዝ የት አገኘው?
መዳፍ የማይሞላ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣
ከላፕቶፑ ጎን ላይ የሚያድር እንደ እንግዳ።

ነገሩ ኮቪልያን ነው፣ ከፖርቱጋል ተራራ፣
የሱፍ ፋብሪካዎች ዝም ካሉበት ስፍራ።
ዶና ዙልሚራ አዲስ ላፕቶፕ ገዛች፣
ስስ ነው፣ እንደ ቅጠል፤ ገልብጣ መረመረች፦
አንድ ቀዳዳ ብቻ!
«አታሚውስ የት ይግባ? ስካነሩስ የት ነው?
የሠራተኛው መዝገብ፣ ዲስኩን የት ልሰካው?»

ኤቫሪሽቱ፣ የወንድሟ ልጅ፣ ሮጠና
በአራት ዩሮ ገዝቶ፣ ሰክቶላት ሄደና፣
ዲስኩ ጀመረው፤ ቀጭ... ቀጭ... ይላል፣
መዝገቡ ግማሹ ላይ ይጠፋል፣ ይመጣል፤
ስካነሩ ሲነሳ ዲስኩ ይሞታል፤
ማውሱ ብቻ ደኅና፤ እሱ ምን ይበላል?
ግዕዝ አታውቅም እንጂ፣ ብታውቅ ትል ነበረ፦
ስሙ «ስጥ»፣ መዳፉ ባዶ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ፣ በዝናብ፣ ዳገቱን ወጥታ
ከቤልሚሩ ሱቅ ገባች፣ ጃንጥላዋን ዘግታ።
ወጣቱ ሻጭ አሥር ዓይነት ደርድሮ አሳያት፣
ባለ ሰባት፣ ባለ አሥር፣ ባለ ሰማያዊ መብራት፣
«ይሄ ፈጣን ነው፣ ይሄ ቀላል፣ ይሄ ኪስ ይገባል...»
«ልጄ፣ አራቱን ሲያበላ፣ እሱን ማን ያበላል?»
ወጣቱ ዝም አለ። ዝናቡ ይጥላል።

አልነገረችውም። እኔ ልንገራችሁ።

ቴሌፎኒስት ነበረች ሃያ ሁለት ዓመት፣
ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ ጆሮዋ ላይ ብረት፤
አንዱን ገመድ ነቅላ ሌላውን ስትሰካ
ፓውልን ከቴይሾዙ፣ ሐኪሙን ከፋብሪካ፣
የበግ ነጋዴውን ከባንኩ አገናኝታ፣
ስንቱን እርቅ ሰምታ፣ ስንቱን ጠብ ሰምታ።
ከእግሯ ስር ደግሞ፣ ከምድር ቤቱ ጨለማ፣
የባትሪዎች ረድፍ፤ ሽታው አሲድ፣ ከርፋማ፤
እነሱ የደከሙ ለት ያ ሁሉ ቀዳዳ
ቀዳዳ ነው ብቻ፤ ለማንም አይረዳ።

ሻጩ ጎንበስ አለ፤ ከታች መደርደሪያ
ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ የራሱን መሰኪያ
ከግድግዳ ሰክቶ የሚጠጣ አወጣ።
«አያምርም፣ ውድም ነው» ብሎ አቀረቀረ።
«የኔውስ ሰሌዳ መቼ ያምር ነበረ?»
ገመዱን ጠየቀች። «አጭር ነው?» «አጭር ነው።»
«ጥሩ፤ ረጅም ገመድ ወሬ ነው የሚያባክነው።»

ማታ ከጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችው፣
በየቀዳዳው አናት ፕላስተር ለጥፋ ስም ሰጠችው፦
ዲስኩ ፓውል ተባለ፣ ስካነሩ ቶርቶዜንዱ፣
አታሚው ቴይሾዙ፤ ኩርፊያ ነው ድሮም የሰፈሩ ልማዱ፤
ማውሱ ኡንያይሽ ነው፣ ከተራራው ወገብ፣
በሳምንት አንዴ ደውሎ ስለ ወተት የሚያስብ።
ከዚያ የማቅለሚያ ክፍሉ የደመወዝ መዝገብ
ገጽ በገጽ ገባ፤ የጣት አሻራ ሳይቀር፣
የቀለም እድፍ ሳይቀር።
ቀጭ የለም። ጠፍቶ መምጣት የለም።

ኤቫሪሽቱ መጣ፤ አየና ሳቀ፣
ዲስኩን ሊወስድ ብሎ ገመዱን ጨበጠ፤
እጁን መታ አረገችው።
«ሳትጠይቅ አትንቀል! እዚያ ማዶ ገና
የሚያወራ ቢኖርስ? ቃሉ ሊቀር ነው'ና!»
ስክሪኑን ነካች። አንዲት መስመር ወጣች፤
«አሁን ማውጣት ይቻላል» የምትል።
አላመነቻትም።
ጆሮዋን ወደ ዲስኩ ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ፣
«ጨረሳችሁ?» አለች።
ትንሽ ጠበቀች።
ከዚያ ገመዱን ነቀለች።