ሁለት ለኋላ

ኩታይሲ ዳርቻ፣ ብርድ ጣት በሚቆረጥምበት ማለዳ፣
ጎማ ተቆልሏል፣ የቆመ ሰው የሚያክል፤
ናዚብሮላ ደረሰች
በሟች ባሏ መኪና፣ በሽማግሌው ኦፔል።
ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ሁለት መቶ ላሪ፣
የቀረው የማገዶ ነው፣ አይነካም።
«አራቱን ውሰጂ» አለ ሻጩ ቫርላም፣
«የጀርመን ነው፣ ጥርሱ ገና አልተበላም።»

ሳንቲም ሰካችበት። እውነትም ጥልቅ ነው።
ጎኑን ግን ዳበሰች፣ አቧራውን ጠርጋ፣
ጭቃ የሸፈናቸውን አራት አሃዞች ፈልጋ፤
ሳምንቱን፣ ዓመቱን።
«ይኼማ» አለችው፣ «አሥራ ሦስት ዓመቱ፤
ጥርስ ባዳ ነው ልጄ፣ ደርቋል ሰውነቱ።»

ቫርላም ሳቀ።
«መኪናው ራሱ ስንት ያወጣል?
ለዝገት አዲስ ጫማ ማን ይገዛለታል?»

አልመለሰችለትም።
ትዝ ያላት ወደ ኦኒ ሲወጣ ያለው
መታጠፊያ ነው፣ ከወንዙ በላይ፣ አጥር የሌለው፤
ማክሰኞና ዓርብ የጎረቤቷን ልጅ
ለኩላሊት እጥበት ይዛ የምትወርደው።
በረዶ ሲጋገር መንገዱ የመኪና ዋጋ አይጠይቅም።

«ሁለት አዲስ ስጠኝ። ስሙ ባይታወቅም ግድ የለኝም፣
ብቻ ዘንድሮ የተወለደ።»
«ሁለት ብቻ?»
«ለኋላ። የፊቱ ጥንድ ብዙም አልሄደ።»

ቆጠረች። አሥር ላሪ ጎደለ።
ቫርላም አንገቱን አከከ፣
ክሪኩን ተከለ።

ማታ፣ ዳገቱ ላይ፣ የጎማው ጩኸት ጠፍቶ
የግራው በር ሲንኳኳ ሰማች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«አንተ ደግሞ» አለችው፣ «ለሚያዝያ።»