ከቃለ ጉባኤው የቀረ

እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
መዝገቤ የሚያውቀው መዋጮ፣ ቅጣትና ሞት።
ስንት ድስት፣ ስንት አግዳሚ ከማን ቤት እንደ ሄደ፣
የትኛው ድንኳን በየት በኩል እንደ ተቀደደ።
ለፍርሃት ግን ለብቻው ዐምድ አላሰመርኩም፤
ባሰምርም፣ ለዘንድሮው ይበቃል አልልም።

በልግ ጠብ ሳይል አለፈ። ክረምቱ ዘገየና
የሁለት ወሩን ዝናብ በአንድ ሌሊት ጣለና
ግንፍሌ፣ እንደ ስሟ፣ ገነፈለች፤
የጋሽ ደንቦባን ሲንጀር ከነጠረጴዛው ነዳች፣
የእትዬ ወርቅያንሱን ግድግዳ እንደ ቂጣ ገመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሕፃናት ጫማ ሳያወልቁ ይተኛሉ፣
አባቶች የቆርቆሮውን ድምፅ እየሰሙ ያነጋሉ።
ሬዲዮው የዓለምን ሙቀት በዲግሪ ይለካል፤
እኛ ሰፈር ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር አለ፣
«እስከዚህ መጥታ ነበር» ይላል።

በጥቅምቱ ስብሰባ «ልዩ ልዩ» ላይ ስንደርስ፣
ገሚሱ ሊሄድ ተነሥቶ አቧራ ሲያራግፍ ከልብስ፣
ሐዊ፣ የሊስትሮው የቶሎሳ ልጅ፣ እጇን አወጣች፤
አባል አይደለችም። ዳኛው ዝም አሏት። እሷ ተናገረች።
«ለሞተ ሰው ሲሆን ግልብጥ ብለን እንወጣለን፤
ገና ላልሞተውስ ስንት ሰው እንሆናለን?»

አንዱ ሣቀ። አንዱ የደንባችንን አንቀጽ ጠቀሰ።
እኔም «ለሚቀጥለው ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ስብሰባው ፈረሰ።
በዚያ መስመር ዛሬም አፍራለሁ።

እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጥሩምባ ተነፋ።
ማን ሞተ? ማን ጠፋ?
ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣
ወንዶቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ጋቢ ደርበው፣
ከየጉራንጉሩ ወጥተን ድልድዩ አፋፍ ደረስን።
«ማን ነው?» አልነው ሽብሩን፣ ትንፋሻችንን ውጠን።
«ማንም» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ማንም። ለአሁኑ።
አካፋዎቹ ወጥተዋል፤ የቀብሮቹ ናቸው፣ ያው የምታውቋቸው፤
ዛሬ ግን ለቦይ ነው የምንፈልጋቸው።»

ገሚሱ ተቆጥቶ ሄደ፣ «በሞት ይቀለዳል?» እያለ።
ሠላሳ ስድስት ሰው ቀረ፣ ሱሪውን እየጠቀለለ።

ምን አወጣን? የውሃ ፕላስቲክ፣ ስድሳ ጆንያ ሙሉ፤
አንድ እግር የልጅ ጫማ፤ ፍሬን የሌለው ብስክሌት፤
ደግሞም የሲንጀሩ መዘውር፣ ዝጎ፣ ግን ሲያዞሩት ዞረ፤
ጋሽ ደንቦባ አቅፎት ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

በቦዩ ዳር ቀርከሃ፣ ከፍ ብሎ ወይራና ብሳና ተከልን።
መቃብር የለመደ እጃችን ጉድጓዱን ቢያጠልቀው፣
«ኧረ ቀስ! ሰው አይደለም» ብላ ወርቅያንሱ አሣቀችን።

አላጋንንም። ዐሥራ አንዱን ችግኝ ፍየል በላው፤
አራቱን ሌባ ነቀለው።
በአጥር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች እስከ ዛሬ አልታረቁም።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ያው ዝናብ ተመልሶ መጣ።
ባትሪ ይዘን፣ ተራ ገብተን፣ ቦዩን ስንጠብቅ
ውሃው እስከ ሦስተኛው የድንጋይ ረድፍ ወጣ፤
ቆየ፤
ሊነጋጋ ሲል ወረደ።
ፍርሃቱ አብሮት አልሄደም። እዚሁ ነው ያለው።
ድሮ በየቤታችን፣ ለየብቻችን፣ ይገዛን ነበረ፤
አሁን እንደ ማናችንም ተራ ይገባል፣ አካፋ ይዞ።

ያን ጧት መዝገቡን ገለጥኩ፤ ጣቴ ገና ጭቃ ነበር።
የተገኙ፦ አርባ ሁለት፣ ሐዊ ቶሎሳ ጭምር።
የዘገዩ፦ ዘጠኝ። ቅጣት፦ አልተጣለም።
የሞተ፦
ብዕሬን አንሥቼ ወንዙን ጥቂት ሰማሁ፤
የለም።